የሸሸ ድድ፣ የተበላ አጥንት፦ መልሶ የማብቀል ሕክምና ከጁባ ሲታይ

ድድ ሲደማ ብዙ ሰው የሚወቅሰው ብሩሹን ነው፤ ጥርስ ሲነቃነቅ ደግሞ ዕድሜን። በሁለቱ መካከል ዓመታት የሚፈጅ፣ ብዙ ጊዜም ሕመም የማይሰማበት በሽታ አለ፤ ድድን ከጥርስ ያላቅቃል፣ ጥርሱ የቆመበትን አጥንት ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የአፍ ጤና ሪፖርት ይህ በሽታ በከባድ ደረጃ የያዛቸው ሰዎች በዓለም ከአንድ ቢሊዮን እንደሚበልጡ ገምቷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተበላው ይመለሳል ወይ ለሚለው ጥያቄ ሳይንሱ ዛሬ የሚሰጠው መልስ «አዎ፣ ግን በከፊል» ነው። የጥርስ ሐኪም እጅግ ጥቂት በሆነበት በደቡብ ሱዳን፣ በዋና ከተማዋ በጁባ ለሚኖር ሰው ደግሞ ከ«አዎ» ይልቅ «ግን» ያመዝናል።

የበሽታው መነሻ ጥርስ ላይ የሚለጠፈው የባክቴሪያ ሽፋን፣ ፕላክ ነው። ተመራማሪው ሃራልድ ሎ እና ባልደረቦቹ በዴንማርክ አካሂደው በ1965 ባሳተሙት ጥናት 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ዳነ። ቁጣው አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ አጥንቱ የሚበላው በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይደለም። ሎ በስሪላንካ ጥርስ መቦረሽ የማያውቁ 480 የሻይ ተክል ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሎ በ1986 ባወጣው ውጤት፣ 8 በመቶው ላይ በሽታው በፍጥነት ሲገሰግስ፣ 81 በመቶው ላይ በመጠኑ ተጉዟል፤ 11 በመቶው ግን ከድድ ቁጣ አላለፈም። ልዩነቱን የሚያሰፉት ትምባሆ፣ የስኳር በሽታና በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ናቸው። ሱዳን ለሁለት ከመከፈሏ ጥቂት ቀደም ብሎ በካርቱም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናትም፣ በለጋ ዕድሜ አጥንት የሚበላው ፈጣኑ ዓይነት ከአረብ ዘር ተማሪዎች ይልቅ በአፍሪካውያኑ ጎሣዎች ልጆች ላይ ጎልቶ እንደሚታይ አሳይቷል።

ጥርስን በቦታው የሚያቆሙት አራት ነገሮች ናቸው፦ ድድ፣ አጥንት፣ የጥርሱን ሥር የሚሸፍነው ስስ ጠንካራ ልባስ፣ ልባሱንና አጥንቱን የሚያስተሳስሩት ጥቃቅን ጅማቶች። ሐኪም ታርታሩን (የደነደነውን ፕላክ) ፍቆ በድዱና በጥርሱ መካከል የተፈጠረውን ኪስ ሲያጸዳ ቁስሉ ይድናል፤ የሚድነው ግን የድዱ ላይኛ ቆዳ ከሁሉም ቀድሞ ወደ ታች ወርዶ ሥሩን ስለሚሸፍነው ነው። በእርሻ ላይ አረም ቀድሞ ሲይዝ ዘሩ ቦታ እንደሚያጣ ሁሉ፣ አጥንትና ጅማት የሚያበቅሉት ዘገምተኛ ሕዋሳትም ቦታ ያጣሉ። ይህን በግልጽ ያስቀመጠው በ1976 የቶሮንቶው ተመራማሪ ሜልቸር ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ የስዊድኑ ስቱሬ ኒማንና ባልደረቦቹ ሐሳቡን በሰው ላይ ሞከሩት። በድዱና በሥሩ መካከል ስስ መጋረጃ አስገብተው የድዱ ቆዳ እንዳይወርድ ከለከሉ። ከሦስት ወር በኋላ ጥርሱ ተነቅሎ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሥሩ ላይ አዲስ ልባስና አዲስ ጅማት በቅሎ ተገኘ። የዛሬው መልሶ የማብቀል ሕክምና ሁሉ በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነው፤ ሐኪሙ ለሰውነት ቦታና ጊዜ ይሰጣል፣ የሚያበቅለው ሰውነት ራሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው በዝቷል። መጋረጃው ዛሬ በአብዛኛው ሰውነት ውስጥ ሟሙቶ ከሚጠፋ ኮላጅን ይሠራል። አጥንቱ የተበላበትን ጉድጓድ ለመሙላት ከራስ ከታካሚው፣ ከሟች ለጋሽ ወይም ከከብት የተወሰደ አጥንት፣ አለበለዚያም በፋብሪካ የተዘጋጀ የካልሲየም ማዕድን ይገባል። በሰፊው የሚታወቀው ባዮ-ኦስ የከብት አጥንት ነው። በከብት ሀብቷ የምትታወቀው ደቡብ ሱዳን ግን እንዲህ ያለውን ዕቃ ከውጭ ከማስገባት በቀር ምርጫ የላትም። በ1990ዎቹ ስዊድን ውስጥ የተሠራው ኤምዶጌን የሚገኘው ከአሳማ ግልገል ጥርስ ቡቃያ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ታካሚ አስቀድሞ መንገር ይገባዋል። የሕዋስ ዕድገትን የሚያነቃቁ ፕሮቲኖችም አሉ፤ አንዱ በአሜሪካ በ2005፣ ሌላው በጃፓን በ2016 ተፈቅዷል። ከሁሉም ርካሹ በ2001 በፈረንሳይ የተዋወቀው የፕሌትሌት ፋይብሪን ነው። የታካሚው ደም በቱቦ ተቀድቶ በደቂቃ 2,700 ዙር ገደማ ለ12 ደቂቃ ይሽከረከራል፤ ከቱቦው የሚወጣው ጄል መሰል ረጋ ያለ ክፍል ጉድጓዱ ውስጥ ይደረጋል።

ሕክምናው በትክክለኛው ቦታ ሲሠራ ውጤቱ የሚያስገርም ነው። በጣሊያን 50 ታካሚዎች ተስፋ የተቆረጠባቸው ጥርሶች ነበሯቸው። የ25ቱ ተነቅለው በሰው ሠራሽ ተተኩ፣ የሌሎቹ 25 በማብቀል ታከሙ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከታከሙት 23ቱ በቦታቸው ነበሩ። ወሰኑ ግን ጠባብ ነው። ሕክምናው የሚሳካው በጥርሱ ጎን ወደ ታች ጠልቆ በአጥንት ግድግዳ በተከበበ ጉድጓድ ላይ ነው። በ2020 የወጣው የአውሮፓ መመሪያም ጉድጓዱ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት እንዲኖረው ይላል፤ ከዚያ በፊት ጥርሱ ተፍቆ፣ ታካሚው ጥርሱን በሚገባ ማጽዳት ለምዶ እንዲሆንም ይጠይቃል። አጥንቱ በአንድነት ዝቅ ካለ፣ ወይም ታካሚው ማጨስ ካላቆመ፣ የተገዛው ዕቃ ዋጋው ከንቱ ይቀራል።

በጁባ ሌላም የአጥንት መጉደል አለ፤ በሽታ ሳይሆን ልማድ የሚያመጣው። በዲንካና በኑዌር ባሕል ልጆች የታችኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶቻቸውን ይነቀላሉ። ለብዙዎች ይህ የማንነትና የውበት ምልክት ነው፤ በኢትዮጵያ በጋምቤላ ኑዌሮችም ዘንድ ይታወቃል። የመንጋጋው ጫፍ አጥንት የሚኖረው ለጥርስ ሲል ነው፤ ጥርስ ከተነቀለ በመጀመሪያው ዓመት ስፋቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ የዚህም አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይሆናል። ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ዲንካዎችና ኑዌሮች ጥርሳቸውን ለማስተካት ወደ ሐኪም ሲሄዱ የኔብራስካ ተመራማሪዎች ጉዳዩን በሰነድ አስፍረዋል። ለእነዚህ ሰዎች የሚሠራው ሕክምና በድድ ሕመም አጥንቱ ለተበላበት ጥርስ ከሚሠራው ጋር አንድ አይደለም። ጥርስ በሌለበት ጅማትን መልሶ ማብቀል አይቻልም፤ የሚሠራው ቀጭኑን አጥንት አስፍቶ ኢምፕላንት (ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) መትከል ወይም ድልድይ ማሠራት ነው።

ወደፊትም ተስፋ አለ። በ2004 ተመራማሪዎች ከተነቀሉ የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሶች ጅማት ላይ ግንድ ሕዋስ አግኝተዋል፤ ሕዋሳቱን አባዝቶ ወደ አፍ የመመለስ ሙከራዎች ቀጥለዋል። ይህ ግን ገና የዘወትር ሕክምና አልሆነም። የጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል ከዛሬ ጀምሮ ሊያገኘው የሚገባው ከዚያ ይቀድማል፦ የድድ ኪስ ለመለካት በሚሊ ሜትር የተሰመረ ቀጭን መለኪያ፣ ታርታር መፋቂያ መሣሪያ፣ የጥርስ ራጅ፣ በዚህ ሥራ የሠለጠነ ባለሙያ፣ የታካሚዎች የስኳር ምርመራ። ሕዝቡም ብሩሽ ሲያጣ በእንጨት መፋቂያ እንዴት በደንብ ማጽዳት እንደሚቻል ሊማር ይገባል። እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ደም ማሽከርከሪያ ማሽን ትርጉም ይኖረዋል። ሳይሟሉ ቢገዛ ግን ውድ የአጥንት መሙያ የሚገባው ነገ ዳግም በሚታመም ኪስ ውስጥ ነው። ዛሬ በብዛት የሚነቀሉት ጥርሶች ከአሥር ዓመት በፊት ቢታጠቡ ኖሮ ለማብቀልም ሆነ ለኢምፕላንት ባልደረሱ ነበር።