«ስሪ» የምንለው ስላቃተን ብቻ ነው?

መምህሩ ጠየቁ። መልሱን ታውቁታላችሁ። በአማርኛ ቢሆን እጃችሁ ቀድሞ ይወጣ ነበር። ግን ሁለተኛ ደረጃ ገብታችኋል፤ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ዝም አላችሁ። እኔም ዝም እል ነበር።

ብዙ ሰው «ቋንቋውን ስላልቻሉ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እስቲ አንድ ድምፅ እንይ። አማርኛ ውስጥ የምላስን ጫፍ በጥርስ መሃል አድርገን የምናወጣው ድምፅ የለም። ስለዚህ «ሦስት» ለማለት በቅርብ ያገኘነውን ድምፅ ወስደን «ስሪ» እንላለን። መስታወት ፊት ቆማችሁ ብትለማመዱት ግን ትክክለኛው ድምፅ ውሎ አድሮ ይወጣል። ጣጣው ክፍል ውስጥ ስታወጡት ነው። ከኋላ ወንበር «ኧረ ፈረንጅ!» ይባላል፤ ሳቅ ይከተላል። ብትሳሳቱም ይሳቃል፣ ብታስተካክሉም ይሳቃል። (እኔ ቤት ውስጥ አስተካክዬ እለው ነበር፤ ክፍል ስገባ ግን «ስሪ»።)

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ኤልዛቤት ጋትቦንተንና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያንና ቻይናውያን ተማሪዎች የእኩዮቻቸውን እንግሊዝኛ እንዲሰሙ ተደረገ። ተማሪዎቹ ከአነጋገሩ ብቻ ተነስተው ተናጋሪው ለወገኑ ምን ያህል ታማኝ እንደሆነ ይገምቱ ነበር። አነጋገሩ ወደ እንግሊዝኛ አፍ ፈቺዎች ሲጠጋ ከወገኑ የራቀ ይመስላቸዋል። እንግዲህ «ስሪ» አንዳንዴ «እኔም ከእናንተው ነኝ» ማለት ነው።

ፍርሃቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ይሠራል። እኔ የምህንድስና ሰው ስለሆንኩ በስልክ ልመስለው፦ ብዙ አፕ ከከፈታችሁበት ይንቀራፈፋል። አእምሯችንም ለጊዜው መረጃ የሚይዝበት ቦታ ውስን ነው። «ይስቁብኝ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ቦታውን ሲሻማ፣ የምታውቁት ቃል ራሱ ይጠፋል። ኢሌን ሆርዊትዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት 33 ነጥብ ባለው የቋንቋ ክፍል ፍርሃት መለኪያ ውስጥ አንዱ ነጥብ በቀጥታ ስለ ሌሎች ተማሪዎች ሳቅ ነው።

ለማስተርስ መመረቂያዬ ስዘጋጅ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ማታ ማታ ዶርም ውስጥ በእንግሊዝኛ እናወራ ነበር። ሕጋችን አንድ ነው፦ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ መሳቅ የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስታችንም ሕጉን ጥሰናል። በሦስተኛው ሳምንት ግን «ስሪ» ያለም፣ አስተካክሎ ያለም ያሰበውን እስከ መጨረሻው ይናገር ነበር።