ባገለገለ ራውተር ላይ ያልታወቁ መሣሪያዎች ሲታዩ ነጋዴው ማድረግ የሚገባው

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም። ነጋዴ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ይፈትሻል፤ አዲስ ቤት በተከራየ ጊዜም ከሁሉ አስቀድሞ የበሩን ቁልፍ ያስለውጣል። በዛሬው ዘመን ግን ለንግድ ቤት አንድ ሌላ በር ተከፍቶለታል፤ ይኸውም ኢንተርኔትን ያለ ሽቦ ለስልክና ለኮምፒዩተር የሚያድለው ራውተር ነው። የቴሌብር ክፍያ፣ የባንክ ዝውውር፣ ከውጭ አገር አቅራቢ ጋር የሚደረግ የዋጋ ስምምነት፣ የጉምሩክ ሰነድ ሁሉ በዚህ በር ይገባል፤ በዚህ በር ይወጣል።

አዲሱ ዋጋው ስለሚከብድ ብዙ ባለሱቆች ያገለገለውን ራውተር ይገዛሉ። ይህ ነውር የለበትም፤ ደኅና ሆኖ የተያዘ ዕቃ ለሁለተኛ ባለቤትም ያገለግላል። ነገር ግን ያገለገለ ራውተር የገዛ ሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የቀድሞው ባለቤት በውስጡ የተወውን ትእዛዝ ሁሉ አብሮ መግዛቱን ማወቅ ይገባዋል። ስለዚህም መሣሪያውን ተክሎ የተገናኙትን ዝርዝር በተመለከተ ጊዜ የማያውቃቸውን ስሞች ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባውም፤ ቸል ሊልም አይገባውም።

የዝርዝሩ አነባበብ

በራውተሩ ግርጌ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የመግቢያው ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ከራውተሩ ጋር በተገናኘ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ላይ ይህ ቁጥር ሲጻፍ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ ይከፈታል። ከዚያም የተገናኙት መሣሪያዎች በየተራ ተዘርዝረው ይታያሉ። በእያንዳንዱ ተራ ላይ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፤ የመሣሪያው ስም፣ ራውተሩ የሰጠው የአይፒ ቁጥር፣ እንዲሁም ማክ አድራሻ የሚባለው መለያ።

ማክ አድራሻ 12 ምልክቶች ያሉት ሲሆን፣ ምልክቶቹም ከ0 እስከ 9 ያሉት አኀዞችና ከላቲን ፊደል ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት ናቸው። የመጀመሪያዎቹን 6 ምልክቶች አይ ትሪፕል ኢ የተባለው ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ማኅበር ለየፋብሪካው ስለሚያድል፣ በእነርሱ አማካይነት የሠሪውን ስም ማግኘት ይቻላል።

የሚያሳስቱ ምክንያቶች

ያልታወቀ ስም ሁሉ ሌባ አይደለም። አንደኛ፣ በብዙ ራውተሮች ላይ ዝርዝሩ አሁን ያሉትን ብቻ ሳይሆን ቀደም ሲል ገብተው የሄዱትንም ይጨምራል፤ የተሰጣቸው የአይፒ ቁጥር ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ስማቸው አይሰረዝም። የቀድሞው ባለቤት ለማተሚያው ወይም ለካሜራው በቋሚነት የመደበው ቁጥር ካለም ባለቤቱ ራሱ እስኪሰርዘው ይቀመጣል።

ሁለተኛ፣ የዛሬ ስልኮች እውነተኛ መለያቸውን ይሰውራሉ። አንድሮይድ ከ10ኛው እትም ጀምሮ በ2019 እ.ኤ.አ.፣ አይፎንም ከ14ኛው እትም ጀምሮ በ2020 እ.ኤ.አ. ለየዋይፋዩ የተለየ ማክ አድራሻ ፈጥረው መግባት ጀምረዋል። ስለዚህ የባለሱቁ የገዛ ስልኩ እንደ እንግዳ ሊታይ ይችላል። ምልክቱ ግን ቀላል ነው፤ ከ12ቱ ምልክቶች ሁለተኛው 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ አድራሻው በፋብሪካ የተሰጠ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በመሣሪያው በራሱ የተፈጠረ ነው።

ሦስተኛ፣ የሚገኘው የሠሪ ስም በዕቃው ላይ ከተጻፈው የንግድ ስም ሊለይ ይችላል። ለምሳሌ ያህል የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ የሚሠራው የዋይፋይ ክፍል በሌሎች ፋብሪካዎች አምፖልና የኤሌክትሪክ ሶኬት ውስጥ ስለሚገባ፣ ዝርዝሩ የሚያሳየው የኤስፕሬሲፍን ስም ሊሆን ይችላል። እንዲሁም አንድ ኮምፒዩተር በሽቦና በዋይፋይ ሲገናኝ ሁለት ሆኖ ይቈጠራል።

አራተኛውና ባገለገለ ዕቃ ላይ ዋነኛው ምክንያት ይህ ነው፤ ስልክም ሆነ ማተሚያ አንድ ጊዜ የገባበትን የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ያስታውሳል። አንድ ባለሱቅ በዚያው ሕንፃ ከሚሠራ ጎረቤቱ ራውተር ገዛ እንበል፤ ስሙንና የይለፍ ቃሉንም እንደ ነበረ ተወው። የጎረቤቱ ሠራተኞች ስልኮች ማንም ሳያዛቸው ተመልሰው ይገባሉ። ባለሱቁ ጠዋት የሚመጡ፣ ማታ የሚጠፉ ሁለት እንግዳ ስሞች ባየ ጊዜ «የይለፍ ቃሉን ያወጣው ተላላኪው ነው» ብሎ ታማኙን ልጅ ቢያባርር፣ የሰውም እንጀራ ይቈረጣል፤ ጥፋቱም ሳይታረም ይቀራል። ስለዚህ ከመፍረድ ማጣራት ይቅደም።

አንድ በአንድ ማጣራት

ሁነኛው መንገድ የመጋዘን ቆጠራ ሥርዐት ነው። ባለሱቁ በመጀመሪያ በቤቱ ያሉትን ከዋይፋይ ጋር የሚገናኙ ዕቃዎች ሁሉ በወረቀት ይመዝግብ፤ ስልኮችን፣ ኮምፒዩተሮችን፣ ማተሚያውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የጥበቃ ካሜራውን፣ የካርድ መክፈያ መሣሪያውን፣ የእጅ ሰዓቱንም ሳይቀር። ከዚያም አንዱን አጥፍቶ የትኛው ስም ከዝርዝሩ «ተገናኝቷል» ከሚለው ክፍል እንደ ወጣ ይመልከት፤ በወረቀቱ ላይ ምልክት ያድርግ፤ ወደሚቀጥለው ይለፍ። አንዳንድ ራውተር ለውጡን ለማሳየት ጥቂት ደቂቃዎች ስለሚፈጅ መቸኰል አይገባም።

ሁሉም ተጣርቶ የሚተርፍ ስም ካለ፣ በሽቦ ወይስ በዋይፋይ እንደ ገባ ይታይ። በሽቦ ከሆነ ሽቦውን እስከ ጫፉ መከተል ነው። በዋይፋይ ከሆነ ግን ያንን አንድ ማክ አድራሻ መከልከል አይበቃም፤ አድራሻው በቀላሉ ሊለወጥ ስለሚችል የተከለከለው በሌላ ስም ይመለሳል። መድኀኒቱ የይለፍ ቃሉን ለውጦ ሁሉንም ማስወጣት፣ ከዚያም የታወቁትን ብቻ እንደ ገና ማስገባት ነው። በተናደደ ልብ ወደ እንግዳው መሣሪያ ሰብሮ ለመግባት መሞከር ግን አይገባም፤ ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነው።

ከሥሩ ማጽዳት

ከሁሉ የሚሻለው ያገለገለውን ራውተር ገና ከመትከል በፊት ማጽዳት ነው። ኤሌክትሪክ እንደ ተሰካ ሪሴት የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጠባብ ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ተጭኖ፣ መብራቶቹ እስኪለወጡ፣ 10 ሰከንድ ያህል መያዝ የቀድሞውን ትእዛዝ ይሰርዛል። ነገር ግን ይህ ዕቃውን ወደ ፋብሪካው የይለፍ ቃል ይመልሰዋል፤ ያ ቃል ደግሞ በግርጌው ወረቀት ላይ ስለ ተጻፈ የቀድሞው ባለቤትም ሻጩም ሊያውቁት ይችላሉ። ስለዚህ የአስተዳዳሪው ቃል፣ የዋይፋዩ ቃልና የዋይፋዩ ስም ሦስቱም ይለወጡ።

ቀጥሎ የመሣሪያው ውስጣዊ ፕሮግራም ከፋብሪካው የኢንተርኔት ገጽ በተገኘ የመጨረሻ እትም ይታደስ፤ ሪሴት ማድረግ የተበላሸ ፕሮግራምን ሁልጊዜ አያጠራምና። በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ቪፒኤንፊልተር የተባለ ክፉ ፕሮግራም በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎችን መበከሉ ተገልጾ ነበር። በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ ፋብሪካቸው ማደስ ያቆመላቸው አሮጌ ራውተሮች ለወንጀል መሸሸጊያ እየዋሉ መሆናቸውን አስጠንቅቋል። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሞዴሉን ቁጥር ይዞ ፋብሪካው ዛሬም ያድስለት እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ እድሳት የቀረበት ራውተር በርካሽ ቢገኝም ርካሽ አይደለም።

በመጨረሻም የሚከተሉት ይፈተሹ። ከሩቅ ማስተዳደር የሚፈቅደው ትእዛዝ ይዘጋ። ደብልዩ ፒ ኤስ የሚባለው በ8 አኀዝ የሚያስገባው መንገድ ይጥፋ፤ ቁጥሩ በሁለት ተከፍሎ ስለሚመረመር ቢበዛ በ11,000 ሙከራ እንደሚገኝ በ2011 እ.ኤ.አ. ታውቋል። የዲ ኤን ኤስ ቁጥር ማንም እንግዳ ሰው እንዳልጻፈው ይታይ፤ ይህ ከተለወጠ የባንኩን ገጽ የጠራ ነጋዴ ወደ አታላይ ገጽ ሊመራ ይችላል። ምስጢር መጠበቂያው ደብልዩ ፒ ኤ 2 ወይም 3 ይሁን። ለደንበኞች የሚሰጠው ዋይፋይም የእንግዳ ተብሎ የተለየ ይሁን እንጂ ሒሳብ ከሚሠራበት ኮምፒዩተር ጋር አይደባለቅ።

የሻጩ ግዴታ

ነገሩ ለገዢ ብቻ የተተወ አይደለም። ኤሴት የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ ለድርጅቶች የሚያገለግሉ 18 አሮጌ ራውተሮችን ገዝቶ ያደረገውን ምርመራ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲገልጽ፣ ከመረመራቸው ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ የቀድሞ ባለቤቶቻቸው ምስጢር ሳይሰረዝ ተገኝቷል። እንግዲህ አሮጌውን ራውተር የሚሸጥ ነጋዴ ሳያጸዳ ቢሰጥ፣ የገዛ ቤቱን ቁልፍ ለማያውቀው ሰው እንደ ሰጠ ይቈጠራል። ያገለገለ ዕቃ የሚያስመጣና የሚቸረችርም ከመሸጡ በፊት አጽድቶ፣ የሞዴሉንም የእድሳት ዘመን ለደንበኛው ቢነግር፣ ለጊዜው ጥቂት ድካም ቢያገኘውም በምትኩ ለንግድ ከካፒታል የማያንሰውን የደንበኛ እምነት ያተርፋል።