ብሮንዚና፣ ክፍተት፣ መበላት፦ የሞተር ጥገና ቃላትን ስለ መለየት

የሙያ ቃላት አመራረጥ ብርቱ ጥንቃቄ ከሚጠይቅባቸው ጽሑፎች አንዱ የተሽከርካሪ ጥገና መመሪያ ነው። በሌላ ጽሑፍ አንድ ቃል ቢሳት አንባቢው ከዐውዱ ተረድቶ ሊያልፈው ይችላል፤ በጥገና መመሪያ ግን ስሕተቱ ከወረቀቱ አልፎ ሞተሩን ያበላሻል። በዚህ ጽሑፍ በፈጣን መኪና ሞተር ውስጥ ያረጀ የቢዬላ ብሮንዚና ሲመረመርና ሲለወጥ የሚያስፈልጉትን ቃላት እንመለከታለን። ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፦ ጋራዡ የለየውን ቃል እንደያዝነው እንቀጥል፤ አዲስ ስያሜ የምናወጣው መለያ በጠፋበት ቦታ ብቻ ይሁን።

1. ነገሩና አሠራሩ

ፒስተን በሲሊንደር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል፤ ክራንክ ዘንግ ይዞራል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ክንድ ቢዬላ ይባላል። የቢዬላው ታችኛ ራስ የክራንኩን አንገት በሚያቅፍበት ቦታ ሁለት ግማሽ ክብ የሆኑ ስስ ቅርፊቶች ይገባሉ። ብሮንዚና የምንለው እነዚህን ነው። ጀርባቸው ጠንካራ ብረት ሲሆን በውስጥ በኩል ለስላሳ ማዕድናት ተለብጠውባቸዋል። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ብሮንዚናውና አንገቱ እንዳይነካኩ በመካከላቸው ስስ የዘይት ንጣፍ ይኖራል፤ ጭነቱን የሚሸከመውም ይኸው ንጣፍ ነው።

ጫናው ምን ያህል እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንይ። ቢ.ኤም.ደብሊው. ኤም 3 በተባለው መኪና ላይ ከ2000 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ይገጠም የነበረው ኤስ 54 የተባለ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ እስከ 8000 ዙር ይደርሳል። የፒስተኑ ምት 91 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ በዚህ ፍጥነት ፒስተኑ በአማካይ በሴኮንድ 24 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በእያንዳንዱም ዙር ሁለት ጊዜ ቆሞ ይመለሳል። ነዳጁ ሲቃጠል ግፊቱ በላይኛው ቅርፊት ላይ ያርፋል፤ ፒስተኑ ላይ ደርሶ ሲመለስ ደግሞ ጉተታው በታችኛው ላይ ይሆናል። ሠሪው ኩባንያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩትን እነዚህን መኪናዎች ጠርቶ የቢዬላ ብሮንዚናቸውን መለወጡ የክፍሉን ወሳኝነት ያሳያል።

2. ኩሽኔታና ብሮንዚና

እንግሊዝኛ ባለ ኳሱንም ሆነ ቅርፊቱን በአንድነት ቤሪንግ ይላቸዋል። ተርጓሚው ይህን ቃል ባየ ቁጥር ኩሽኔታ ብሎ ከጻፈ አንባቢው ኳሶች የተደረደሩበትን ክብ ዕቃ ያስባል፤ በቢዬላው ራስ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። የሁለቱ የብልሽት ምልክትም ይለያያል፦ ኳሶቹ የተበሉበት ኩሽኔታ ያጉረመርማል፤ የተበላ ብሮንዚና ግን ያንኳኳል።

ሥርወ ቃሉን መመርመር ለዚህ ችግር መፍትሔ አይሰጥም። የጣሊያንኛው ኩሽኔቶና የፈረንሳይኛው ኩሲኔ ሁለቱም «ትንሽ መከዳ» ማለት ናቸው። ሆኖም ፈረንሳይኛው በሞተር ሙያ ቅርፊቱን ሲያመለክት፣ ከጣሊያንኛው የተወሰደው የእኛ ኩሽኔታ የሚያመለክተው ባለ ኳሱን ነው። ብሮንዚና ደግሞ ከነሐስ ስም የወጣ ነው፤ ዛሬ ዕቃው በአመዛኙ ከሌላ ማዕድን ቢሠራም ስሙ አገልግሎቱን አላጣም። ስለሆነም «ተሸካሚ» የሚል አዲስ ስያሜ ለሁለቱም ከማውጣት ይልቅ ሁለቱን የጋራዥ ቃላት በየቦታቸው ማጽናት ይሻላል።

3. መለየት የሚገባቸው ቃላት

ክፍተት፦ ሠሪው አስቦበት በብሮንዚናውና በአንገቱ መካከል የተወው ቦታ። በተለመደው ግምት የአንገቱ ውፍረት አንድ ሺኛ ያህል ነው፤ ውፍረቱ 50 ሚሊሜትር ለሆነ አንገት 0.05 ሚሊሜትር ይሆናል። ዘይቱ የሚያልፍበት ስለሆነ ጉድለት ተደርጎ መተርጎም የለበትም።

መበላት፦ የልባጡ ከጊዜ ብዛት ወይም ከዘይት ማነስ የተነሣ መሳሳት።

ልቅነት፦ ክፍተቱ ከተፈቀደው ልክ አልፎ በእጅ ወይም በጆሮ የሚታወቅ ሲሆን። ተርጓሚው «ክፍተት ካለ ብሮንዚናውን ለውጥ» ቢል ማናቸውም ጤነኛ ሞተር ሊፈታ ነው፤ ሊባል የሚገባው «ክፍተቱ ከልኩ ካለፈ» ነው።

ጭምቀት፦ እያንዳንዱ ቅርፊት ከግማሽ ክብ በጥቂቱ ስለሚተርፍ ቆቡ ሲጠብቅ ተጨምቆ ከቤቱ ጋር ይጣበቃል። እንግሊዝኛው ክራሽ ይለዋል፤ «መጨፍለቅ» ብለን ብንተረጉመው የሚፈለገው ነገር እንደ ጉዳት ይቆጠርና ትርፉ በሞረድ ሊነሣ ይችላል። ይህ ከሆነ ቅርፊቱ በቤቱ ውስጥ ይዞራል፤ ሞተሩም ይጠፋል።

መለጠጥና መሳብ፦ ሲለቀቅ ወደ ቁመቱ የሚመለስ ቡሎን ተለጠጠ፣ የማይመለስ ደግሞ ተሳበ እንበል። በዚህ ሞተር ላይ የቢዬላ ቡሎን ሲጠብቅ እስኪሳብ ድረስ ስለሚዞር ለሁለተኛ ጊዜ አይታሰርም። ዪልድ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በመዝገበ ቃላት የመጀመሪያ ፍቺው «ምርት» ብሎ የሚወስድ ተርጓሚ ይህን ማስጠንቀቂያ ያጠፋዋል።

4. የአጻጻፍ ናሙና

እነዚህ ቃላት በመመሪያ ውስጥ እንዴት እንደሚገቡ ለማሳየት የሚከተለውን እናቀርባለን።

«ሞተሩ ከላይ ተደግፎ የዘይት ቋቱ ከሥር ይወርዳል። አንገቱ ወደ ታች እስኪመጣ ክራንኩ በእጅ ይዞራል። የቢዬላው ቡሎኖች ተፈትተው ቆቡ ከታችኛው ብሮንዚና ጋር ይወጣል፤ ቢዬላው ወደ ላይ ተገፍቶ የላይኛው ይነሣል። እያንዳንዱ ቆብ ከየትኛው ቢዬላ እንደወጣ ምልክት ይደረግበታል፤ ማለዋወጥ ክልክል ነው። ግራጫው ልባጥ ተበልቶ ከሥሩ መዳብ ከታየ ብሮንዚናው ይለወጣል። አንገቱ ከተጫረ አዲስ ብሮንዚና ብቻውን አይበቃም። ክፍተቱን ለመለካት ለስላሳ የመለኪያ ክር በደረቅ አንገት ላይ ይደረጋል፤ ቆቡ በልኩ ይጠብቅና ክራንኩ ሳይዞር ይፈታል። የተዳጠው ክር በሰፋ መጠን ክፍተቱ ጠባብ ነው። ከልኬቱ በኋላ ክሩ ይጸዳል፤ ብሮንዚናው ዘይት ይቀባል፤ ቆቡ በአዲስ ቡሎኖች ይታሰራል።»

የመጨረሻው የልኬት ዐረፍተ ነገር በትርጉም ጊዜ ሊገለበጥ ስለሚችል በተለይ መታረም አለበት።

ከላይ ከቀረቡት ውስጥ ቢዬላ፣ ብሮንዚና፣ ኩሽኔታና ቡሎን በተለመደ አጠራራቸው ወደ መዝገበ ቃላት እንዲገቡ፣ ጭምቀትና መሳብ ደግሞ ከነፍቺያቸው ለመካኒኮች ቀርበው ከተፈተኑ በኋላ እንዲጸድቁ ሐሳብ እናቀርባለን።