ከአንዱ ጉሮሮ ወደ ሌላው፦ ላሪንጎስኮፕ እንዴት ይጸዳል?

ሙሉ ሰመመን የተሰጠው ሰው ጡንቻዎቹ ስለሚዝሉ ብዙ ጊዜ በራሱ አይተነፍስም። ስለዚህ የሰመመን ባለሙያው አፉን ከፍቶ ላሪንጎስኮፕ የተባለ፣ መብራት ያለው ጎበጥ ያለ ምላስ መሰል ብረት ያስገባል፤ በብርሃኑ የአየር ቧንቧውን መግቢያ አይቶ ቱቦ ይሰዳል። ቱቦው በኋላ ይጣላል። ብረቱ ግን ምራቅ፣ አንዳንዴም ደም ይዞ ይወጣና የሚቀጥለውን ሰው አፍ ይጠብቃል።

እስቲ አስቡት፤ ከፊቱ የነበረው ታካሚ ቲቢ ቢኖርበትስ? ጨቅላ ሕፃናት በሚታከሙባቸው ክፍሎች ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ በላሪንጎስኮፕ በኩል መተላለፉ በውጭ አገር ተመዝግቧል። መያዣውንም አትርሱት። አፍ ውስጥ ስለማይገባ ብዙዎች ንጹሕ ነው ብለው ያልፉታል፤ ብረቱ ሲታጠፍ ግን ጫፉ የሚያርፈው እዚያው መያዣው ላይ ነው!

ታዲያ በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ አይበቃም? በአገራችን ለረጅም ጊዜ የተለመደው ዕቃውን መጀመሪያ በ0.5% ክሎሪን ለ10 ደቂቃ መዘፍዘፍ ነበር (5% በረኪና ከሆነ 1 እጁን በ9 እጅ ውሃ)። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ግን ከማጠብ በፊት መዘፍዘፍን አይመክርም፤ ክሎሪን ብረት ይበላል፣ ደምና ምራቅ ደግሞ ክሎሪኑን ያደክሙታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሳሙና፣ ውሃና ብሩሽ። እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉም በላይ የሚናቀው ሥራ ይሄ ነው፤ ያልታጠበ ዕቃ ላይ የሚደረግ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ከታጠበ በኋላ ጀርሙን መግደል ይቀራል። አንዱ መንገድ በ2% ግሉታራልዴሃይድ 20 ደቂቃ መዘፍዘፍና በንጹሕ ውሃ በደንብ ማለቅለቅ ነው። ሌላው ሙቀት ነው፤ አምቦ ላይ ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። (የአምቦ ውሃ አረፋ ሌላ ነው፤ እሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።) ይህ ሙቀት ለ20 ደቂቃ ከቆየ የቲቢን ባክቴሪያና አብዛኞቹን ቫይረሶች ይገድላል። ስፖር የሚባሉት ጠንካራ የባክቴሪያ ዘሮች ግን ሊተርፉ ይችላሉ።

እነሱን ለመግደል ኦቶክሌቭ ያስፈልጋል፤ አሠራሩ ቤታችሁ ካለው ፕሬዠር ድስት ጋር አንድ ነው። እንፋሎቱን አምቆ 121 ዲግሪ ያደርሰዋል። ለዚህም በባሕር ጠለል ላይ መቁጠሪያው 15 ፒኤስአይ ማሳየት አለበት። አምቦ ላይ ግን የውጪው አየር ግፊት ስለሚያንስ፣ እዚያው ሙቀት ለመድረስ መቁጠሪያው ወደ 18 መውጣት ይኖርበታል። 15 ላይ ያቆመ ሰው ሰዓቱን ጠብቆ ቢያወጣውም ዕቃው 121 ዲግሪ አልደረሰም።