ኵርዓተ ርእሱ፦ የተዘበተበት ንጉሥ በነገሥታት ሰልፍ

ማርቆስ 15፥16–20ን ስንሰብክ ብዙ ጊዜ ወደ ጎልጎታ ቸኩለን እናልፋለን። እስቲ እዚያው ግቢ ውስጥ ጥቂት እንቆይ። ወታደሮቹ ጌታን ሐምራዊ ልብስ ያለብሱታል፤ የእሾህ አክሊል ይደፉበታል፤ ራሱን በመቃ ይመቱታል፤ ተንበርክከውም እንደ ንጉሥ እጅ ይነሡታል። ከዚህ መመታት ስሙን ያገኘ ሥዕል በጎንደር ቤተ መንግሥት ነበረ፤ «ኵርዓተ ርእሱ» ይባላል፤ በግእዝ «የራሱ መመታት» ማለት ነው።

ሥዕሉ የአገር ቤት ሥራ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ በአውሮፓ የህዳሴ ዘመን፣ አንድ የፍላንደርስ ወይም የፖርቱጋል ሠዓሊ እንደ ሠራው ይገመታል። የእሾህ አክሊል የደፋው ክርስቶስ ብቻውን ይታያል፤ የሚመቱት ወታደሮች የሉም። ስለዚህ ተመልካቹ የሚቆመው እነርሱ በቆሙበት ስፍራ ነው። የሥዕሉ ውበት የሚያስፈራውም ለዚህ ይመስለኛል።

የጎንደር ነገሥታት ግን ለሌላ ፍርሃት ተጠቀሙበት። መኳንንቱ በፊቱ ይምሉ ነበር፤ ሠራዊቱም ለዘመቻ ይዞት ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1744 የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ዳግማዊ ኢያሱ ወደ ስናር ዘምተው ድል ሆኑ፤ ሥዕሉም ተማረከ። በኋላ በወርቅ ተዋጅቶ ተመለሰ። 1ኛ ጴጥሮስ 1፥18–19ን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ መቆሙ አይቀርም፤ በብርም በወርቅም ሳይሆን በደሙ የዋጀን ጌታ ምስሉ በወርቅ ተዋጀ!

እ.ኤ.አ. በ1868 ደግሞ መቅደላ ስትዘረፍ፣ የብሪታንያ ሙዚየም ወኪል ሆኖ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ሥዕሉን ወሰደው፤ ለሙዚየሙም ሳያስረክብ ለራሱ አስቀረው። እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠ፤ ወደ አገሩም አልተመለሰም። ዘረፋ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በጎንደር፣ በአዘዞ ወይም በፀዳ የምታገለግሉ ወገኖች፣ ጎረቤቶቻችሁ ለሥዕል ያላቸውን አክብሮት ታውቃላችሁ። «ጣዖት ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቀላል። የሁለተኛው ትእዛዝ ጥያቄ በርግጥ አለ፤ አላቃልለውም። ነገር ግን እነዚያ ነገሥታት የፈለጉት ምን ነበር? ሲመቱት መልሶ ካልመታው ጌታ፣ መቺ ኃይልን። በእኛ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሥዕል የለም፤ ሆኖም ተቀናቃኝን ለማሳፈር፣ ምእመንን ለማስፈራራት፣ የራስን ሥልጣን ለማጽናት ስሙ ከምስባክ ሲጠራ ሰምተናል። ያለ ሥዕልም ይቻላል ማለት ነው።

የማርቆስ አጻጻፍ ጥበብ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ ወታደሮቹ ለዘበት ያሉት ቃል እውነት ነበር። በፊታቸው ያለው በእርግጥ ንጉሥ ነው፤ እነርሱ ግን ንጉሥን የሚያውቁት በመምታቱ ነበር። ክፍሉን ስትሰብኩ ጉባኤውን ከጌታ አጠገብ ለማቆም አትቸኩሉ፤ አስቀድሞ መቃውን ከያዙት ጋር ይቁም።