ከመድረክ ወደ ወንጀል ልብ ወለድ፦ የፍሪድሪክ ዱረንማት መንገድ

የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲና አንባቢ ያልተጻፈ ውል አላቸው። ደራሲው ሬሳ ያሳያል፣ ፍንጭ ይበትናል፣ መንገድ ያስታል፤ በመጨረሻ ግን ገዳዩን ያወጣል። አንባቢውም እንቅልፉን ትቶ ገጽ የሚገልጠው ይህን ውል አምኖ ነው። ወዳጆቼ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ይህን ውል ደጋግሞ ስላፈረሰ፣ ባፈረሰውም ቁጥር ዘርፉን ከፍ ስላደረገ ሰው ነው። ፍሪድሪክ ዱረንማት ይባላል፤ የስዊዘርላንድ ፀሐፌ ተውኔትና ደራሲ። ወደ ወንጀል ልብ ወለድ ያስገባው የገንዘብ ችግር ነው። እዚያ ያቆየው ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ አጋጣሚ እንዳሻው በሚያዝበት ዓለም ፍትሕ እንዴት ይገኛል? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዱረንማት በ1921 በበርን ካንቶን፣ ኮኖልፊንገን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ፓስተር ነበሩ። ልጁ ሥዕልም ጽሑፍም እኩል ይስበው ነበር፤ እስከ ዕድሜው መጨረሻም ብሩሹን አላስቀመጠም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፍልስፍና ተማረ፤ ስለ ዴንማርካዊው ፈላስፋ ኪርክጋርድ የዶክትሬት ጽሑፍ ለማዘጋጀት አስቦም ነበር። ሳይጨርስ ወጣና ፀሐፌ ተውኔት ሆነ።

የመጀመሪያ ተውኔቱ በ1947 በዙሪክ ትልቁ ቴአትር ቤት ታየ። ታሪኩ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመኗ ሙንስተር ከተማ ሰማያዊ መንግሥት በምድር ላይ እናቆማለን ብለው ስለተነሡ ሰዎች ነው። ተመልካቹ ገሚሱ በፉጨት አወከው። ደራሲው በአንድ ምሽት ስሙ ተሰማ፤ ስም ግን እንጀራ አይሆንም። ስለ ባቢሎን ግንብ የጀመረውን ሌላ ተውኔት አልሆን ሲለው ረቂቁን አቃጠለው። በ1949 «ታላቁ ሮሙሉስ»ን አቀረበ፤ የመጨረሻው የሮም ንጉሥ መንግሥቱ ሲፈርስ እያየ ዶሮ የሚያረባበት ኮሜዲ ነው። ይህን ንጉሥ ልብ በሉት። ሮሙሉስ ሰነፍ ይመስላል እንጂ በራሱ መንግሥት ላይ ለመፍረድ የተቀመጠ ሰው ነው። ራሱን ዳኛ አድርጎ የሾመ ሰው ከጊዜ በኋላ በዱረንማት የወንጀል ልብ ወለዶች ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

በዚያን ጊዜ ዱረንማት ከተዋናይት ሚስቱ ከሎቲ ጋር በቢል ሐይቅ ዳር፣ ሊገርትስ በምትባል የወይን አምራቾች መንደር ይኖር ነበር። ሦስተኛ ልጃቸው በ1951 ተወለደች። እሱ ደግሞ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ለካባሬ አጫጭር ጭውውቶች፣ ለሬዲዮ ድራማ፣ ለጋዜጣ የቴአትር ሂስ፤ ያልጻፈው ነገር አልነበረም። በየሁለት ሳምንቱ ይወጣ የነበረው «ደር ሽቫይሰሪሸ ቤኦባህተር» የተባለው መጽሔት ተከታታይ የወንጀል ታሪክ ሲያወጣለት የቤተሰቡ ጓዳ ትንሽ እፎይ አለ። «ዳኛው እና ሰቃዩ» ከ1950 ዲሴምበር እስከ 1951 ማርች በ8 ክፍል ወጣ። በመጽሐፍ መልክ የታተመው በ1952 ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ፤ የፀሐፌ ተውኔቱ እጅ ከመጀመሪያው ገጽ ይታያል። በ1948 ኖቬምበር አንድ ማለዳ የትዋን መንደር ፖሊስ መንገድ ዳር የቆመ ሰማያዊ መርሴዲስ ያገኛል። ሹፌሩ በጥይት ተመትቶ ሞቷል። ፖሊሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሬሳውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶለት፣ መሪውን ራሱ ይዞ ወደ ቢል ከተማ ይነዳዋል። ምርመራው ሳይጀመር የወንጀሉ ስፍራ ተበላሸ። ትዋንም ሆነች በአጠገቧ ያለው ገደል በእውን ያሉ፣ ከደራሲው ቤት ብዙም የማይርቁ ቦታዎች ናቸው። ዱረንማት ግድያውን የተከለው በራሱ ጎረቤት ነው።

ጉዳዩን የሚይዘው የበርን ፖሊስ መርማሪ ሃንስ ቤርላህ ነው፤ የሆድ ሕመም ሊገድለው የደረሰ ሽማግሌ። አለቃው በዘመናዊ የምርመራ ሳይንስ ያምናል፤ ቤርላህ ግን የሚያምነው ሰውን በማወቅ ነው። ከግድያው ጀርባ ደግሞ ከ40 ዓመት በፊት የተጀመረ ውርርድ አለ። ቤርላህ በወጣትነቱ በቦስፎረስ ዳር ጋስትማን ከሚባል ሰው ጋር ይከራከራል። ቤርላህ «ሰው ፍጹም አይደለም፤ አጋጣሚም አለ፤ ስለዚህ ወንጀል መሥራት ሞኝነት ነው፤ መጋለጡ አይቀርም» ባይ ነው። ጋስትማን በዚሁ ምክንያት ተቃራኒውን ይላል፦ የሰው ኑሮ እንዲህ የተወሳሰበ ስለሆነ ማንም የማይደርስበት ወንጀል ይሠራል። ከዚያም በወዳጁ ዓይን ፊት አንድ ነጋዴ ከድልድይ ገፍትሮ ይገድላል። ነጋዴው በኪሳራ ላይ ስለነበር ፍርድ ቤቱ ራሱን አጠፋ ብሎ ፋይሉን ዘጋው። ቤርላህ ያየውን ማስረዳት አልቻለም፤ ዕድሜውን ሙሉም ሰውየውን ሲከታተል ኖረ።

ሽማግሌው ጋስትማንን በሠራው ወንጀል ማስቀጣት እንደማይችል ሲያውቅ ባልሠራው ወንጀል እንዲቀጣ ያደርገዋል። እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ በመጨረሻው የእራት ትዕይንት ታገኙታላችሁ። ሁለት ሰው፣ አንድ ገበታ፣ ያለ ልክ የሚበላ ሕመምተኛ፣ ቀስ በቀስ ፊቱ የሚገረጣ እንግዳ፤ እንዳለ ወደ መድረክ ቢወጣ ምንም አይጎድለውም። የመጀመሪያው የውል መፍረስ ይህ ነው። ገዳዩ ታውቋል፣ መርማሪው አሸንፏል፤ አንባቢው ግን መጽሐፉን ሲዘጋ «ይህ ፍትሕ ነው?» ብሎ ይጨነቃል።

መጽሔቱ ተከታዩን ታሪክ ማውጣት የጀመረው በዚያው በ1951 ነው፤ «ጥርጣሬ» ይባላል። ቤርላህ ሆስፒታል ተኝቶ በአንድ አሮጌ «ላይፍ» መጽሔት ላይ የናዚ ካምፕ ሐኪም ፎቶግራፍ ያያል፤ ሐኪሙ እስረኛን ያለ ማደንዘዣ ሲቀድ ይታያል። ሐኪም ወዳጁ ፎቶውን አይቶ ፊቱ ሲለዋወጥ ጥርጣሬ ይጀምራል፦ ይህ ሰው ዛሬ በዙሪክ የሀብታሞች ክሊኒክ የሚመራው ሰው ይሆን? ቤርላህ ሕመምተኛ መስሎ ክሊኒኩ ውስጥ ይተኛል። ጥርጣሬው ልክ ነው፤ ልክ መሆኑ ግን አላዳነውም። እንደ ዓሣ መረብ ውስጥ ይገባል፤ የሚያወጣውም ብልሃቱ ሳይሆን ከካምፑ የተረፈ ሌላ ሰው ነው። መጽሔቱን በየሁለት ሳምንቱ ይገዛ የነበረው የስዊዝ አንባቢ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ሲጠብቅ፣ ጦርነቱ ባበቃ በጥቂት ዓመት ውስጥ «ገዳዮቹ በመካከላችን ናቸው ወይ?» የሚል ጥያቄ ቤቱ ድረስ መጣለት።

የዱረንማትን መንገድ የምወድበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ስለ ቴአትር ችግሮች ባደረገው ንግግሩ፣ የተማረው ዓለም ኪነ ጥበብን እንደ ፈተና ወረቀት ሲያርም አርቲስት እንዴት ይኖራል ብሎ ጠየቀ። የሰጠውም መልስ የወንጀል ልብ ወለድ መጻፍ ነው፤ ጥበብን ማንም በማይጠረጥርበት ቦታ መሥራት። ለዳቦ ብሎ የገባበት ቤት የነጻነት ቤት ሆኖ ተገኘ። ሃያሲ ዓይኑን ባልጣለበት ቦታ ስለ ጥፋት፣ ስለ ፍርድ፣ ስለ ዕድል እንደልብ መናገር ይቻላል።

ያገኘውንም ይዞ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ1956 የቀረበችው «የአሮጊቷ ጉብኝት» ሥሯ ያረጀ ወንጀል ነው። አንዲት ቢሊየነር ወደ ደኸየች የትውልድ ከተማዋ ተመልሳ፣ በወጣትነቷ የከዳትን ሰው ለገደለላት 1 ቢሊዮን እሰጣለሁ ትላለች። ሴኔጋላዊው የፊልም ሰው ጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ ታሪኩን ወደ አፍሪካ አምጥቶ በ1992 «ጅቦች» የተባለውን ፊልም ሠርቶበታል። የ1962ቱ «የፊዚክስ ሊቃውንቱ» ደግሞ መጋረጃው ሲገለጥ መሬት ላይ የተዘረረች ነርስና መርማሪ ፖሊስ ያሳየናል። በ1956 የጻፈው «ብልሽት»ም አለ፤ መኪናው የተበላሸበት ነጋዴ በጡረታ ላይ ካሉ የፍርድ ቤት ሰዎች ቤት ያድርና ለጨዋታ ብሎ ይከሰሳል። ጨዋታው በሕይወቱ ውስጥ የተደበቀ እውነተኛ ጥፋት ያወጣል። በሬዲዮ ድራማው ነጋዴው ጠዋት ሁሉን ረስቶ ይሄዳል፤ በልብ ወለዱ ግን ራሱን ይሰቅላል። ደራሲው አንዱን ታሪክ በሁለት መጨረሻ ፈተነው።

መጨረሻን የመፈተን ልማዱ በ1958 ትልቁን ሥራ ወለደ። አንድ የፊልም አዘጋጅ ወላጆችን ስለ ሕጻናት ደኅንነት የሚያስጠነቅቅ ፊልም እንዲጽፍ አዘዘው። ማቴኢ የተባለው መርማሪ ለተገደለች ልጅ እናት ገዳዩን እንደሚይዝ ቃል ይገባል፤ በፊልሙ ላይም ይይዘዋል። ዱረንማት ግን በዚህ መጨረሻ አልረካም። ታሪኩን መልሶ አነሣና «ቃል ኪዳን» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ፤ ንዑስ ርእሱን «ፍትሐት ለወንጀል ልብ ወለድ» አለው።

ከዚህ በኋላ መጨረሻውን ስለምነግራችሁ፣ ራሱ ማንበብ የሚፈልግ ቀጣዩን አንቀጽ ይዝለል።

በመጽሐፉ አንድ ጡረተኛ የፖሊስ አዛዥ አንድን የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ መኪናው ውስጥ አስቀምጦ ይወቅሰዋል፦ እናንተ ዓለምን በስሌት ትሠሯታላችሁ፤ በእውኑ ኑሮ ግን አጋጣሚ አለ። ከዚያ የማቴኢን ታሪክ ይነግረዋል። ማቴኢ ልጅቱ ከሣለችው ሥዕል ተነሥቶ ገዳዩ በየትኛው መንገድ እንደሚመላለስ ይደርስበታል። በዚያ መንገድ ላይ ነዳጅ ማደያ ይገዛል፤ ከሟቿ ጋር የምትመሳሰል ልጅ ያላትን ሴት ቀጥሮ ልጅቱን ማጥመጃ ያደርጋል። ስሌቱ አንድም ስሕተት የለበትም። ገዳዩ ግን አይመጣም። ማቴኢ ይጠብቃል፤ ይጠጣል፤ ያረጃል፤ አእምሮው ይፈርሳል። ከዓመታት በኋላ አንዲት አሮጊት አልጋዋ ላይ ሆና እውነቱን ትናገራለች፦ ሰውየው ወደ ልጅቱ ሲሄድ በመኪና አደጋ ሞቶ ነበር። መርማሪው ሁሉን ያገኘ፣ ምንም ያልያዘ ሰው ሆነ። በትክክለኛ ሐሳቡ የተነሣ የንጹሕ ሕጻን ሕይወት እንደ ማጥመጃ መጠቀሙም በኅሊናችን ይቀራል።

ሦስቱን መጻሕፍት በተራ ስታነቧቸው መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል። በመጀመሪያው መርማሪው ያሸንፋል፤ ድሉ ግን የቆሸሸ ነው። በሁለተኛው ሌላ ሰው ያድነዋል። በሦስተኛው ልክ ሆኖ ይሸነፋል። በ1957 ጀምሮ አቋርጦት የነበረውን «ፍትሕ» የተባለውን ልብ ወለድ ደግሞ በ1985 አሳተመው። በዚህኛው አንድ ታዋቂ ሰው በዙሪክ ምግብ ቤት፣ ሕዝብ እያየው ፕሮፌሰር ይገድላል። «ገዳዩ ማነው?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ተመልሷል፤ ያልተመለሰው ሌላው ሁሉ ነው። ዱረንማት በ1990 ሲያርፍ ሌላ ጅምር የወንጀል ታሪክ ትቶ ነው፤ ጅምሩም ከሞቱ በኋላ በ1995 ታተመ። ለገንዘብ የጀመረውን ሥራ ለ40 ዓመት ያህል አልለቀቀውም።

ልታነቡት ለተነሣችሁ፣ ከ«ዳኛው እና ሰቃዩ» ጀምሩ፤ አጭር ነው። ቀጥላችሁ «ቃል ኪዳን»ን አንሡ። ስታነቡ ገዳዩን ብቻ አትፈልጉ። በየገጹ ማን ዳኛ ሆኖ እንደተቀመጠ፣ ማንስ እንደሾመው ጠይቁ፤ ዱረንማት አንባቢውን መርማሪ የሚያደርገው በዚህ ጥያቄ ነው። እናንተም ከጓደኞቻችሁ መካከል «የወንጀል ልብ ወለድ ጊዜ ማጥፊያ ነው» የሚል ካለ እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ስጡትና፣ ሲጨርስ ቤርላህ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም ብላችሁ ጠይቁት። ክርክሩ በአንድ ምሽት እንደማያልቅ አረጋግጥላችኋለሁ።