ታጣፊው ላፕቶፕ ሲያስቸግር

ስክሪኑ ወደ ኋላ ታጥፎ እንደ ታብሌት የሚያዘው ላፕቶፕ በእኛ በተማሪዎች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ጥቅሙም ግልጽ ነው፤ የብራና መጽሐፍ ፎቶግራፍ እንኳ በቁመቱ አድርጎ ለማንበብ እጅግ ይመቻል። ነገር ግን መሣሪያው ሁለት ጠባይ ያለው ስለ ሆነ ችግሩም ሁለት ዓይነት ነው። አንድ ጊዜ ኪቦርዱ አልጽፍ ይላል፤ ሌላ ጊዜ ስክሪኑ አልዞርም ወይም ተዘቅዝቆ አልመለስም ይላል።

አዲስ አበባ ላለ ተማሪ ጠጋኝ ቅርብ ነው። ለዕረፍት ላሊበላ ለገባ፥ ይልቁንም ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ለዘለቀ ግን፥ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የመመረቂያ ጽሑፉ በውስጡ ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አስቀድመን አሠራሩን እንመልከት። በላፕቶፑ ውስጥ የምድርን ስበት ተከትሎ የስክሪኑን አቋም የሚለካ ሴንሰር አለ፤ ስክሪኑ የሚዞረው በዚህ ነው። ስክሪኑ ወደ ኋላ መታጠፉን ደግሞ በብዙዎቹ ሞዴሎች ማግኔትን የሚለይ ሌላ ሴንሰር ያስታውቃል። በዚያን ጊዜ ጣት ሳይታሰብ ቁልፍ እንዳይነካ ኪቦርዱ ይዘጋል። ስለዚህ ዝም ያለ ኪቦርድ ሁሉ የተበላሸ አይደለም፤ በትእዛዝ የተዘጋም አለ።

እንግዲህ ምርመራው በተራ ይሁን።

አንደኛ፥ ስክሪኑን እንደ ተራ ላፕቶፕ መክፈትና ማግኔት ያለበትን የስልክ ሽፋን፥ ድምፅ ማጉያ ወይም ሌላ ላፕቶፕ ከአጠገቡ ማራቅ ነው፤ ማግኔት ሴንሰሩን ያሳስታልና።

ሁለተኛ፥ «ሪስታርት» ማለት ነው። በዊንዶውስ «ሸት ዳውን» ብሎ መልሶ መክፈት ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለው አሠራር የቀድሞውን ሁኔታ በከፊል አስቀምጦ ይመልሰዋል።

ሦስተኛ፥ ቁልፎቹ ሠርተው የይለፍ ቃሉ እንቢ ካለ፥ ጽሕፈቱ ወደ አማርኛ ተዛውሮ ይሆናል፤ የዊንዶውስን ቁልፍና ስፔስን አብሮ መጫን ይመልሰዋል። ቁልፎቹ ዘግይተው የሚጽፉ ከሆነ «ፊልተር ኪስ» በርቶ ይሆናል፤ የቀኙ ሺፍት 8 ሰከንድ ያህል ሲያዝ ይበራልና።

አራተኛ፥ በዩኤስቢ ኪቦርድ ወደ ባዮስ ገብቶ የላፕቶፑን የራሱን የቀስት ቁልፎች መሞከር ነው። እዚያ ከሠሩ ዕቃው ደኅና ነው፤ የጎደለው በአምራቹ የተዘጋጀ ድራይቨር ሊሆን ይችላል። እዚያም ካልሠሩ ጥፋቱ የኪቦርዱ፥ የገመዱ ወይም የሴንሰሩ ሳይሆን አይቀርም፤ ጠጋኝ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

ስለ ስክሪኑም ቢሆን፥ ላፕቶፑ እንደ ተራ ላፕቶፕ ተከፍቶ ሳለ አለመዞሩ በብዙዎቹ ሞዴሎች ብልሽት አይደለም። ታጥፎም ካልዞረ በሴቲንግስ ውስጥ «ሲስተም» ቀጥሎም «ዲስፕሌይ» በሚለው ገብቶ «ሮቴሽን ሎክ» መጥፋቱን ማረጋገጥ ነው። ተዘቅዝቆ የቀረውን እዚያው «ዲስፕሌይ ኦሪየንቴሽን» የሚለውን «ላንድስኬፕ» ማድረግ ያቃናዋል።

የላስታ አየር የራሱ ጥንቃቄ አለው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ማለዳው ይበርዳል። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ላፕቶፕ በውስጡ ጤዛ ሊቋጥር ስለሚችል ጥቂት ሳይቆይ አይከፈት። በበጋ ከቁልፎቹ ሥር የሚገባውን አቧራ ዕቃውን አጥፍቶና ገልብጦ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይገባል።

ከሁሉ በፊት ግን ጽሑፋችንን በፍላሽ እንገልብጥ። ለጠጋኙም የሞከርነውን በዝርዝር እንንገረው። እንዲህ ያደረገ ተማሪ ለማያስፈልግ ዕቃ ገንዘቡን አያወጣም፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለምን?